ዘንቢሏ

ከወደቡ በላይ፣ ቤት በቤት ላይ ወጥቶ፣
የቫልፓራይሶ ኮረብታ፣ ቆርቆሮው ተቀብቶ፤
ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ከመርከብ የተረፈ ቀለም ሁሉ ጠጥቶ።

ሽቅብ የሚጎትት ሐዲድ ነበር ድሮ፤
ገመዱ ተበጥሶ፣ ሳጥኑ ታስሮ፣
«ይጠገናል» የሚል ወረቀት ለጥፈው፣
ወረቀቱን እንኳ ነፋስ ወሰደው።
ስለዚህ ደረጃ ነው። መቶ ሰማንያ ሰባት።
ጉልበቴን ጠይቁት፣ አይስትም አንዲት።

ደረጃው ሲያበቃ፣ ሰማዩ ሲጀምር፣
ዶኛ ክሎቲልዴ አለች፣ መርከብ ስትቆጥር፤
ሸራ ስትሰፋ ኖራ ጣቷ የጠመመ፣
አምና በክረምት ደግሞ ጉልበቷ የለገመ።
ከዚያ ወዲህ ወርዳ አስፋልት አልረገጠች፤
በስልኳ ብቻ ነው ገበያ የወጣች።

ታች ባለሱቁ፣ ዶን አርኖልዶ፣ ይሰማታል፤
ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የደም ግፊት ክኒን በዘንቢል ይከታል፤
ስሟን ካርቶን ላይ በከሰል ይጽፋል፤
የመጀመሪያው እርከን ላይ አስቀምጧት ያልፋል።
ሎሚም አለባት፤ ሃምሳ አይደለም፣ ሰባት፤
ለብቸኛ ጉልበት ግን ያው ሃምሳ ማለት ናት።

ደንብ ያወጣ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የለም፤
የሚወጣ ያነሳል፤ ደጁ ሲደርስ ያኖራል፤ ከዚያ በቀር ምንም።
ዓሣ ሻጯ ያስና፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣
እስከ ሠላሳው ትወስዳታለች፣ ክንዷ ላይ ቅርፊት እያበራ፣ ማታ።
ከዚያ ማይቴ አለች፣ የሰባት ዓመት ልጅ፤
ሁለት እርከን ብቻ፣ ያውም በሁለት እጅ።
ከዚያ ፖስተኛው፣ ከዚያ እኔ፤ ዘጠና ስድስት ላይ ነው ቤቴ፤
ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ዝምታ ነው ርስቴ።
ከእኔ በላይ ያሉት፣ ሞግዚት፣ ወታደር፣ ጥርስ ነቃይ፣
ስማቸውን አላውቅም፤ ተረከዛቸውን ብቻ ነው የማይ።
ጨለማ ሳይወርድ ግን ዘንቢሏ ላይ ናት፣ የወጣች ያህል በገዛ እግሯ፤
መቶ ሰማንያ ሰባቱን ማንም አልወጣላት፤ አለች ግን ከበሯ።

ኦስቫልዶም አለ።
ሰኞን ከእሁድ በወይን ሽታ ብቻ የሚለይ፣
ካፖርቱ ቁልፍ የለው፣ ደረቱ ከነሸሚዙ የሚታይ።
ለእሱ ዘንቢል ማን ያምናል? አናምንም፤
ሲነካት ካየን እንቆጣለን፤ እሱም ይስቃል፣ አይልም ምንም።

አንድ የሐምሌ ማታ፣ ጉም ባሕሩን ሲውጠው፣
ራሴን እያመመኝ ደረስኩ፣ ዝናቡ ሲጀምረው።
አየኋት። እርከኑ ላይ። ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደ ቀረ ልጅ፣ እንደ ተረሳ፤
«የሚመጣ ያነሳታል» አልኩ፣ እጄን ከኪሴ ሳላነሳ።
ያስናም እንደዚያ ብላ ነበር፤ ፖስተኛውም እንደዚያ፤
ሁላችን ያቺን ማታ አንድ ቃል ነበርን፣ አንድ ማባበያ።

ተኛሁ። አልተኛሁም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣
ሰባት ሎሚ ቆጠርኩ፤ ዳቦው ሲርስ፣ ክኒኑ ሲናድ።
በካልሲ ወረድኩ፣ ጫማ ለመፈለግ እንኳ አፍሬ፤
ዘጠና አምስት፣ ዘጠና አራት፣ ወደ ታች ቆጥሬ።

ኦስቫልዶ ነበር።
ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለዝናብ ሰጥቶ፣
ዘንቢሏን በጉልበቶቹ መሐል አቅፎ፣ ካፖርቱን በላይዋ ዘርግቶ።
እሱ በሸሚዝ ነው። ጥርሱ ይንገጫገጫል።
«ልወጣ ሞክሬ ነበር» አለኝ፤ «ዛሬ እግሮቼን ጠርሙሱ ያዛቸዋል።
መሸከም ካቃተኝ ግን ጣሪያ መሆን ማን ይከለክለኛል?»

ይዣት ወጣሁ። እሱ ከኋላዬ፣ ግድግዳ እየዳበሰ።
ዳቦው አንድ ጥጉ ብቻ ነበር የራሰ።
በሩን ከፈተች። ካፖርቱን ነካች፤ የማን እንደሆነ ነገርኳት፤
ቃሉንም እንዳለ። ብርድ ልብስ ወረወረችለት፤ ሌላ ቃል አልወጣት።

በሦስተኛው ቀን ዘንቢሏ ቁልቁል ተመለሰች፤
በፖስተኛው፣ በእኔ፣ በማይቴ ሁለት እጅ፣ ያስና ጋ ደረሰች።
ካፖርቱ ውስጧ ነው፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ደርቆ፤
አምስት ቁልፍ አለው፣ መልካቸው ተራርቆ፤
አንዱ የባሕረኛ ነሐስ፣ አንዱ የሕፃን ሹራብ፣ አንዱ እንጨት፣
በሸራ ክር የተያዘ፣ ማዕበል የማይፈታው ስፌት።
ካርቶኑ ላይ በከሰል፣ የእሷ ስም በነበረበት ቦታ፣
«ለጣሪያው» ይላል። ያስና አነበበችው፣ ሽርጧን ሳትፈታ።
ቤት የለውምና እዚያው እርከን ላይ አስቀመጠችው፣ እስከ ማታ።