ሐረጎ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ጣልያንኛ የተማርኩት ከጋራዥ ነው፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፤
ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ካቻቪቴ፣ ይኸው ነው፣ ይኸው ብቻ።
ለሞት የሚሆን ቁልፍ የለኝም፤ ለድል የሚሆን ብሎን የለኝም፤
ግን ሌላ ሰው ጠፋና «አንተው አስተርጉም» አሉኝ፤ እምቢ አላልኩም።

የሴትዮዋ ስም ዶናቴላ፣
የአያቷን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ።
ከሐረጎ ጥምዝ ሦስተኛው ላይ መኪናዬ ቆመ፤
ጋሽ እብሬ ዳምጤ ወረደና በከዘራው ገደሉን ጠቆመ፦
«ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ጥድ ሥር ሆኜ አይቻለሁ።»
ጥድ አልነበረም። ቢሆንም «አዎ፣ ጥድ» ብዬ ተርጉሜአለሁ።

ጉም ነው። ታች ቦርከና አይታይም፤
የፋብሪካው ጭስ ከደመናው አይለይም።

አነበበች፦
«ጁኞ አሥራ ሁለት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት፤
ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሽፍቶች መንገድ ዘጉ። በተንናቸው። ከእኛ ሞቱ ስድስት።»
ሽማግሌው ሳቀ፦
«ሰኔ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
አርበኞች መንገድ ዘጉ። በተንናቸው። ከእኛ አሥራ አንድ፤
ከእነሱማ ማን ቆጥሮ ይዘልቃል፣ አፋፉ ሙሉ ሬሳ፣ ገደሉ ሙሉ ጉድ!»

ቀኑ አይገጥም፣ ዓመቱ አይገጥም፣ ሰዓቱ አይገጥምም፤
«ሁለት ውጊያ ነው» ልላቸው ምንም አልቀረኝም።
ኋላ በጣቴ ቆጠርኩ።
ያው አንድ ጠዋት ነበር፤
እነሱ መቁጠር የሚጀምሩት ከሌሊቱ እምብርት፣ እኛ ከጀንበር።

«በቅሎዋስ?» አለ ጋሽ እብሬ። «ገደል የገባችው?
ሌቱን ሙሉ ከታች የጮኸችው?»
ገጽ ገለጠች። ገለጠች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦
«በቅሎ ስታቃስት አደረች። ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ አለፈ።»
ሁለቱም ዝም አሉ፤ ጉሙን አዩ።
ለመጀመሪያ ጊዜ አልተለያዩ።
«የእኛ በቅሎ» ይላል ደብተሩ፤ «የእኛ ነበረች» አለ እሱ።
ይህቺን አላሻገርኩም። ተስማምተው ትንሽ ይተንፍሱ።

ከዚያ አንድ ገጽ ቀራት፦
«መትረየሱን ዳገቱን ይዞልን የወጣው አንድ ያገሬው ሰው፤
እሱም ወደቀ። ስሙን አላወቅነው።»
ጋሽ እብሬ መልስ የለው፤
በከዘራው ጫፍ አፈሩን ጫረው።
ከስድስቱ አልተቆጠረ፣
ከአሥራ አንዱም አልነበረ።

ቁልቁል ስንወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ መስታወቱ ላባብ ሲለብስ፣
ከኋላ ወንበር ድምፁ መጣ፣ እንደ ጎማ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ፦
«ሁሴን ነው ስሙ። የእናቴ ወንድም።
ይህንን አትተርጉም።»

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ፍሬን» አልኳት።