ጨርቁን ጠይቁት

አርባ ዓመት በመርፌ፣ አርባ ዓመት በመቀስ፣
መኪና ግርግር ላይ የሰው ልብስ ሳድስ፣
አንድ ጣቃ ካኪ ከላይ ሲንሸራተት
ልቀልብ ዘረጋሁ፤ «ጠጭ» አለ አንድ ጅማት።
ድምፁን አውቀዋለሁ።
ሣጥን ውስጥ የከረመ አቡጀዲ ሲቀደድ
መጀመሪያ ጠጭ ነው፤ ቀጥሎ ነው መሄድ።

እጄ ከዚያ ወዲያ ከደረቴ አልዘለቀም፤
ቆቤን አያደርግም፣ ክር ከላይ አያወርድም።
ወጌሻው አው ዘይዳን ቅቤ ቀብቶ አሸው፤
«ወለምታ ነው» አለኝ። የተቀደደን ጨርቅ ማን አሽቶ ሰፋው?
ተለማማጄ ሚስባህ ወንበሬን ወረሰ፤
ስፌቱ እባብ እባብ ሲል ደንበኛ ቀነሰ።

ፎቶ ልነሣ ብዬ ድሬዳዋ ወረድኩ፣
ፊልሙን በፌስታል ይዤ ሐረር ተመለስኩ።
ሁለት ሐኪሞች ሆነው ብርሃን ላይ ሰቀሉት፦
አጥንቴ ጠቁሮ፣ ጅማቴ ጠቁሮ፣ መሐሉ ነጭ ክፍተት።
«ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል» ተባባሉ።
ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፤ ልለካው ቃጣኝ፤
የሰው ሱቅ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩኝ።

ዶክተር ወልደሰንበት፣ ጣቱ ወፍራም፣ ሽበታም፣
«ከፍቼ ነው» አለ፣ «ያላየሁትን አልሰፋም።
አንድ ረድፍ ይበቃል፤ ችንካር ተክሎ ካጥንቱ
ጅማቱን ስቦ ማሰር። ሃያ ዓመት ይዟል ለስንቱ!»
ዶክተር ሂንዲያ ደግሞ፣ በሸራ ጫማዋ ቆማ፣
«በሦስት ቀዳዳ» አለች፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ፣
«ካሜራ ይዤ ልግባ። ከውስጥ አንድ ረድፍ፣
ከውጭ አንድ ረድፍ፣ ክሩ በላይ እንዲያልፍ።
ጅማቱ አጥንቱ ላይ ተዘርግቶ ይተኛ፤
ነጠላው ጫፉን ብቻ ነው የሚይዝ፣ እንደ ሰነፍ ጓደኛ።»

እውነቷን ነው፣ አልኩ በልቤ።
ጠርዙ ብቻ የተያዘ ገበር ሆዱ ይነፋል።

«ጊዜ ይፈጃል» ሲላት፣ «ይፍጀው» ስትለው፣
«የችንካሩስ ዋጋ? እጥፍ አይደለም ወይ ያለው?»
«ቅዱ ትንሽ ሲሆን ሁለቱም ያው ናቸው።»
«የዚህን ሰውዬ ቅድ ትንሽ ነው ያለዎት ማነው?»
እንዲህ ሲጓተቱ በመሐል ረሱኝ፤
ትከሻዬን ይዘው እኔን አስቀመጡኝ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ስለ ክር ሰማሁ። ስለ ጨርቁ ማን ይናገር?
አንድ ጊዜ የሰንጋ በር ሙሽራ፣ ወፍራም ነበር፣
የአባቱን ሱፍ ሱሪ አምጥቶ ‹አጥብቅልኝ› አለኝ።
ድርብ አድርጌ ሰፋሁ፤ ጎበዝ መሰልኩኝ።
ከጭፈራው ወጥቶ ሊቀመጥ ሲል ተረተረ፤
ስፌቴ ግን፣ ይኸውላችሁ፣ እንዳለ ነበረ!
የሄደው ከጎኑ ነው፣ መርፌዬ ደጋግሞ ከወጋው፤
ሱፉን ዕድሜ ቢያሳሳው፣ የቀረውን እኔ በላሁት እንጂ ማን በላው?»

ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ።
«እሱን ነው የምፈራው» አለች ሂንዲያ ቆይታ፤
«ከውስጠኛው ረድፍ ሥር ሲበጠስ፣ ለሌላ ስፌት አይተርፍም ቦታ።»
«ዕድሜ?» አለኝ ሽማግሌው። «ስድሳ ሁለት።» «ስኳር?» «ጥቂት።»
«እንግዲያው ገብተን እንዳስሰው። ጨርቁን እንጠይቀው።»

መድኃኒቱ ሲለቀኝ እሷ ነበረች አጠገቤ።
«ስስ ነበር» አለችኝ። «በካሜራዬ ገባሁ፣
እንደሱ ነጠላ ሰፋሁ።
ክር የያዘልኝም እሱ ነው።»
ከሁለቱ ፊት ላይ የተሸነፈ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ስድስት ሳምንት እጄን ካንገቴ አሰሩት።
እጅ ሲታሰር አፍ ይሠራል፤ ሚስባህን በቃል ገራሁት፦
«ጨርቁን አትጎትት አንተ! የማሽኑ ጥርስ ይውሰደው።»
ስፌቱ ቀንቷል። አልነገርኩትም፤ ምን አስቸኮለው።

አሁን ስምንተኛ ሳምንት ነው። በሱቄ ግድግዳ
ጣቶቼ ሽቅብ ይድሃሉ፣ እንደ ሸረሪት እንግዳ።
ሚስባህ በየዓርቡ በጠመኔ ያሰምራል፤
አንዳንዱ መስመር ካለፈው ዝቅ ብሏል።
ከላይ ያ ካኪ ጣቃ ተቀምጦ ያየኛል።
አራት ጣት ይቀረኛል።