ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ

ግንቡ ዝቅ ይላል፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ፣
እሱን ከዘለሉ ቅርብ ነው መጋላ።
ረምዚ ቀደመኝ፣ ደብተሩን ከሆዱ
በቀበቶ አጣብቆ፤
ሱሪው ተቀደደ፣ ታየልኝ ጉዱ።
«አቦ ዝም በል፣ ሩጥ!» አለኝ ሳቁን አንቆ።

ሒሳብ ነበር ያለን። እኛ ግን ደቻቱን
አሸዋ ላሸዋ ተያያዝን ቁልቁሉን።
ውሃ የለም፤ ወንዙም እንደኛው ፎርፏል፣
ስም ሲጠራ፣ ክረምት ላይ ብቻ ይገኛል።

የኡመሬ ቪዲዮ ቤት በሩ ጆንያ ነው፤
ሃምሳ ሳንቲም ሰጥተህ ጨለማ ምትገዛው።
አግዳሚው ስምንት፣ ቴሌቪዥኑ አንድ፣
ቬንትሌተሩ ደካማ፣ ሙቀት የሚያላምድ።
«ዛሬ አስቂኝ ነው» አለ፣ ካሴቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፤
ቋንቋውን አያውቅም፣ ግን ይተረጉማል፣ ከገዛ ሆዱ ፈልጎ።

ፊልሙ ላይ አንድ ልጅ፣ ጸጉሩ እንደ በቆሎ፣
ከትምህርት ቤት ቀረ ደብዳቤ አስመስሎ፣
ባልሞተ አጎቱ ለቅሶ አለብኝ ብሎ።
ርዕሰ መምህሩ ግን ተንኮሉ ገብቶት፣
በብስክሌት አሳደደው፣ ንዴት ዓይኑን ጋርዶት፣
ዋና ገንዳ ገባ ከነከረባቱ፤
ቤቱ በሳቅ ጮኸ፣ ቆርቆሮው፣ አግዳሚው፣ መሬቱ።
ኡመሬም ተረጎመ፦
«ዳይሬክተሩ፣ ወላጅ አምጣ አለው።
ልጁም፣ ጅቡቲ ነው አባቴ፣ ባቡር ላይ ነው ያለው።»

ምኑ ነበር የጣመን? እስካሁን አስባለሁ።
መኪናው አይደለም፤ ያቺ ቆንጆ ልጅም አይደለችም፣ እምላለሁ
(ረምዚ ግን አይምልም)።
እዚያ ፊልም ውስጥ ጥፋት ቀላል ነው፣ እንደ ላባ፣
ልጁ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አቧራ እንኳ ልብሱ አይገባ።
የኛ ጥፋት ጠጠር አለው፤ ጉልበት ያውቀዋል።
ቤት ስትደርስ፣ ወሬው ቀድሞህ ገብቷል።
ልጁን የሚያውቅ አንድ ጎረቤት አልነበረም፣ በዚያ ሁሉ ጎዳና!
ድሬ ላይ ግን በየጥጉ አንድ አክስት ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደህና።

ድንገት ከፊታችን የተቀመጠ ሰው፣
ሳቁ እንደ ሳል ሆኖ ሲያርገፈግፈው፣
ጠመኔ አየሁኝ፣ ከኮቱ እጅጌ ላይ።
መምህር እንግዳወርቅ። ወይ ፈጣሪ፣ ወይ!
የሸሸነው ሒሳብ ከፊት ተቀምጧል፣
ራሰ በራው ላይ ሰማያዊው ገንዳ ያብረቀርቃል።
ያን ግንብ የዘለልነው ከባዶ ሰሌዳ ነው ለካ።
ዞሩ። አዩን። ማንም ማንንም አልነካ።
ከጋዜጣ ጥቅል ሙሽበክ ቆርሰው ወደ ኋላ ሰጡን፣
ጣታችን በስኳሩ ተጣበቀ፣ ቃልም አልወጣን።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።
ኡመሬ በጨለማው «አለቀ!» ብሎ ዋሸ።
«ሳንቲማችንን!» እያለ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ፣
መምህር በጓሮ በኩል፣ ግድግዳ ታከው፣
እንደ ተማሪ ወጡ።

ረቡዕ በሰልፍ ላይ፣ አለንጋ ይዘው፦
«ትናንት ያልነበረ ወደ ፊት ይውጣ!»
እኔ አልወጣሁም። ረምዚ አልወጣም።
እሳቸውም አልወጡም።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤
ረምዚ ባጃጅ ይነዳል።
እኔ ከዚራ፣ መድን ድርጅት ውስጥ፣ ማኅተም እመታለሁ፤
አንዳንድ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣
ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ግንብ በዓይኔ እለካለሁ።

መጨረሻውን አላየነውም።
ስለዚህ ያ ልጅ ቤቱ አልገባም እስካሁን፤
አጎቱም አልሞተም፤
ርዕሰ መምህሩ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣
ይኸው ይሮጣል።