ሳሳሁ

«አጥንትሽ ሳስቷል» አለች ዶክተር ሌንሳ፣
ፊልሙን የመስኮቱን ብርሃን አንተርሳ።
አየሁት እኔም፤ ነጩ ግራጫ ሆኖ፣
እንደ አሮጌ ሻሽ ድሩ ብቻ ቀርቶ፣ ማጉ ተንኖ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ለቁርጥማት
ክኒኗን ከቁርስ ጋር ጠዋት ጠዋት ስውጣት፣
ጣቴን ስታፍታታ፣ ጉልበቴን ስታግዝ፣
ከሥር ከሥር አጥንቴን ኖራለች ስትመዝ።
ባለውለታዬ ናት፤ እንዴት ብዬ ልክሰሳት
ደሞዟን ቆንጥራ ካጥንቴ ብትወስዳት?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላት ፈገግ አለች ጥቂት፤
«ሂጂ።»
«ወዴት?»
«የትም። ብቻ በየዕለት።
አጥንት ሸክም ይወዳል፤ ራስሽን አሸክሚው፤
ሥራ የፈታ እንዳይመስለው ጠዋት ጠዋት አስፈርሚው።»

የአዳማ ፀሐይ ቀጠሮ አታከብርም፤
ሁለት ሰዓት ካለፈ አስፋልቱ አያስረግጥም።
እናም ገና በጨለማ
እወጣለሁ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ባንድ አሮጌ ሸራ ጫማ።
ዝንጅብል የመሰለ ጣት ቋጠሮ አይሆንለት፤
ሲፈን፣ የጎረቤት ልጅ፣ እሑድ ማታ አጥብቃ አስራለት፣
ሳምንቱን ሳልፈታው እግሬን እንደ ጉርሻ ልክተትበት።

መጀመሪያ ሳምንት፦ እስከ ሦስተኛው የመብራት እንጨት።
ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤት።
ከዚያ ሐምሌ ገባ፣ ጉልበቴ አበጠና
እስከ አጥሬ በር ብቻ። ግቢዬን በዱላ ዞርኩና
ተመለስኩ አልጋዬ፣
ማን ያየኛል ብዬ።
ነሐሴን እንደ ሕፃን ከዜሮ ጀመርኩት፤
ያጣሁትን መንገድ እንጨት በእንጨት ቆጥሬ መለስኩት።

ከጋራው አናት ላይ የነፋስ ተርባይኖች
ሌሊቱን ሲዞሩ ያድራሉ፣ እነዚያ ነጫጮች፤
ካሉበት ፈቀቅ ሳይሉ፣ አንድም አገር ሳይደርሱ፣
የስንቱን ቤት አምፖል ለኮሱ።
ይኼን እያሰብኩ ነው የምራመድ፣ ሲከፋኝ።
ሳይከፋኝ ደግሞ
ስለ ሽንኩርት ዋጋ።

መስከረም ላይ ነው፣ ባሮጌው ባቡር ጣቢያ፣
ሐዲዱ ሣር ለብሶ ለፍየል በሆነበት መዋያ፣
ቱፋን ያገኘሁት፤ ባለጋሪው ቱፋ፣ ጋሪው የለ፣
ፈረሱን ብቻ ይዞ ቀስ እያለ።
ቦራ! አውቃታለሁ፤ ከገበያ ስትመልሰኝ ኖራ፣
ዛሬ የጎድን አጥንቷ እንደ አጥር እንጨት ይቆጠራል በተራ።

«ባጃጅ እንጀራችንን ወሰደው፤ እሷም አረጀች፤
ቆማ የዋለች ቀን እግሯ ያብጣል፤ ትተኛለች፤
የተኛ ፈረስ ደግሞ...» አለና ተወው።
«ለምን አትሸጣትም?» ስል፣ ገመዱን በጣቱ ጠመጠመው።
«ሞጆ ድረስ ወሰድኳት። ገዢው ብሩን ቆጠረ፤
እሷ ዞራ አየችኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።
ሳሳሁ።»

ሳሳሁ!
ያቺው ቃል ናት፤ በዶክተሯ አፍ ፍርድ የነበረች፣
በዚህ ሰው አፍ ግን ዓይኗን አርጥባ መጣች።
መንገዴን ሙሉ እንደ ቅርንፉድ አላመጥኳት፦
ስስ ሻሽ፤ ስስ ልብ፤ ለልጅ መሳሳት።
ሃምሳ ስምንት ዓመት ተሸክሞኝ ሲዞር
አንድ ቀን «እንዴት አደርክ» ያላልኩት አጥንቴ ነበር።
እና አሁን ሳሳ።
አልቆ ነው? ወይስ ለእኔ ሳስቶ?
ይኼን ፊልም አያነሣውም፤ ሌንሳም አላየችው ከቶ።

አሁን ሦስት ነን በየጠዋቱ።
ቦራ በየቆሻሻው ክምር ትቆማለች፤ እኔ በየእንጨቱ፤
ቱፋ ሁለታችንንም ይጠብቃል፣ ምንም ሳይል፤
ማን ማንን እንደሚያናፍስ መለየት ያስቸግራል።
ዛሬ ሐዲዱ የሚጠማዘዝበት ደረስን፣
ሰኮናና ሸራ ጫማ አቧራው ላይ ፈርመን።
ቦራ ልትሸና ቆመች።
ቆምን።
ፀሐይ ወጣች።
ጠበቅናት።