የጎማው ዘንዶ

ሸዋ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮና ሸራ፤
በሩ ላይ በጠመኔ፦ «ዛሬ ዘንዶ፣ ነገ ካራቴ፣ እሑድ ሁለቱም በተራ።»
ያለው ሃምሳ ሳንቲም ይከፍላል፤ የሌለው ውሃ ከቧንቧ ያመጣል፤
ሁለት ባልዲ አስረክቦ፣ ከፊት አግዳሚ አንገቱን ቀልሶ ይቀመጣል።
ውጭ የጦሳ ጉም ወርዶ፣ መንገዱን ከነመኪናው ውጦታል፤
ውስጡን የእርጥብ ሹራብ፣ የእግርና የለውዝ ሽታ ሞልቶታል።

ዴኩ ካሴት ይበላል፣ ገመድ እንደበጠሰ ፍየል፤
ጋሽ አበጋዝ ክዳኑን ነቅሎ፣ ሄዱን በሽቶ ሲወለውል፣
ቴሌቪዥኑን አንድ ጥፊ፤
«በስመ አብ» ከወዲህ፣ «ቢስሚላሂ» ከወዲያ፤
ዘንዶው መጣ! ሠላሳ ልጅ አጣን መሸሸጊያ።

ደግሞ ምን ዓይነት ዘንዶ!
ጅራቱ ከመነዳሪ፣ ዓይኑ የባትሪ አምፖል፤
ሲዞር፣ በሆዱ ዚፕ በኩል የአንድ ሰው ሸሚዝ ብቅ ብሏል።
ከተማ ይረግጣል፤ ከተማው ካርቶን።
ባሕር ያቋርጣል፤ ባሕሩ ገንዳ፣ ዳር ላይ ሳሙና ተረስቷል፤
አንዱ ወታደር ሦስቴ ሞቶ፣ ሦስቴም ቀብሩ ላይ ተገኝቷል።
ደሙ ሳልሳ ነው እያልን፣ ፊታችንን በኮት ሸፈንን፤
እየሳቅን ፈራን፤ እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላወቅን።

አስተርጓሚያችን ፈንታው ነው፤ እንግሊዝኛ ጥሎታል ሰባተኛ ክፍል፤
ፊልሙስ መች እንግሊዝኛ ሆነና! ብቻ ይተረጉማል፣ ምን ገዶት ይላል።
አክተሩ አፉን ከፈተ፤ «እናቴን የበላ እሱ ነው» አለ ፈንታው፤
አክተሩ አፉን ዘጋ፤ ፈንታው ግን ገና ነው፣ አላበቃው።
ልጅቷ ስታለቅስ፦ «ቦርከና ሞልቶ ቀረሁ» አስባላት፤
ሽማግሌው ሲቆጣ፦ «በጓን በስንት ሸጥካት?»

መብራት ሄደ።
ያቺ ነጭ ነጥብ፣ መስታወቱ መሐል ቀስ ብላ ስትሞት፣
ጨለማ፤ ሠላሳ ልጅ፤ ሠላሳ ፉጨት።
እኛ፦ «ጋሼ፣ ሳንቲማችንን ይመልሱ!»
እሱ፦ «በቅድሚያ እናንተ፣ ያያችሁትን መልሱ!»

መብራት ያልሄደ ቀን ደግሞ፣ ይኸው ነው ትልቁ ቁስል፤
ዘንዶው አክተሩን ጠምጥሞ፣ አፉን ከፍቶ ሊውጠው ሲል፣
ዥ... ዥ... ጉንዳን ወረረው።
ከጉንዳኑ ውስጥ ሰርግ ወጣ።

ዳስ። ሐይቅ ዳር የቆመች፣ ቬሎዋ በነፋስ የተነፋ ሙሽራ፤
ከጎኗ አንድ ቀጭን ልጅ፣ የተዋሰው ኮት እስከ ጉልበቱ የተንዘራፋ፣ የሚያየውን የማያምን፣ የሚስቅ በፈራ ተባ።
ድምፅ የለም። በላዩ ላይ ተቀድቶበት ነው፣ ባዶ ካሴት የጠፋ ጊዜ።

ማን እንደቀዳው አልጠየቅንም። ጮኽን። ጫማ ተወረወረ፤
ጋሽ አበጋዝ አላጠፋውም፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ቆሞ ያይ ነበረ።
በወር አንዴ ያንኑ ካሴት፤ ሌላ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ።
ሙሽራዋን ግን ሸዋ በር አንድም ቀን አላየናት።

አንድ እሑድ፣ ቀጭኑ ልጅ ዞሮ በጆሮዋ የሆነ ነገር ሲላት፣
ፈንታው ሊቀልድ፣ ሊያስቀን፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣
የጋሼን ፊት አየ።
ዘጋው።
ፈንታው ያልተረጎመው፣ ያን ብቻ ነው።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ባለፈው፣ ከማታ ፈረቃ ስገባ፣
ልጄ ሙሉውን ፊልም በስልኩ አግኝቶት ጠበቀኝ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አስቀመጠኝ።
የዘንዶው ገመድ ተበጠሰ። አንገቱ ወደቀ። የሰውየው እግር ታየ፣ ካልሲው ቀይ።
አክተሩ ካሜራውን ትክ ብሎ አየ፤ ጽሑፍ መጣ፤ አለቀ።
«ይኸው ነው?» አለኝ፣ ሳቁን እንደያዘ።
«አይደለም» አልኩት።
«መጨረሻው ሰርግ ነበረ።»