ዝምታው ቀሰቀሰን

ከስሪላንካ በታች፣ ሌሊት ዘጠኝ ግድም፣
የቀሰቀሰን ዝምታ ነው፣ ድምፅስ አይደለም።
ድምፁንማ ስድስት ወር ተኝተንበታል፤
በትራሳችን ሥር፣ በመንጋጋችን ውስጥ፣
በሻይ ብርጭቆው ከንፈር ላይ ሲንዘር ኖሯል።
ቆመ።
ሃያ ሁለት ሰው፣ በሃያ ሁለት አልጋ፣
ዓይኑን ገልጦ ጣራ ያያል፣ ገና ሳይነጋ።

ስምንት ሺህ ኮንቴነር ቢሸከምም እንኳ
ሞተሩ የቆመ መርከብ ባዶ ጣሳ ነው ለካ፤
ማዕበል በጎኑ እየገፋ ያንገላታዋል።
ቱታችንን በውስጥ ሱሪ ላይ አጥልቀን
መሰላል በመሰላል ወደ ሙቀቱ ወረድን።

እሱም እዚያ ቆሟል።
ቁመቱ አራት ፎቅ፣ ዐሥር ሲሊንደር በተርታ፣
በኢሎኢሎ ረግረግ መሃል ተንበርክኮ
አልነሣም እንዳለ ጎሽ፣ የእልህ ዝምታ።

«ሰባተኛው ነው» አለ ኖንግ ዴልፊን።
ማን ጠየቀው?
ሠላሳ አራት ዓመት ይህ ጩኸት ነው ጆሮውን የበላው፤
በስሙ ብትጠራው አይዞርም፣
ከኋላው መዶሻ ብትጥል አይባንንም።
ግን ካቻቢቴውን በጥርሱ ይነክሳል፣
ጫፉን ከሲሊንደሩ ገላ ያስጠጋል፣
ዓይኑን ይከድናል፤
እኛ በጆሯችን ያጣነውን
እሱ በአጥንቱ ያገኘዋል።
«ሰባተኛው ከማክሰኞ ጀምሮ ያነክሳል፣
ነግሬያችሁ ነበር።»
ነግሮን ነበር።
ኮምፒዩተሩ ደህና ነው ስላለ ዝም አልነው።

ዝዶንኮ፣ ዋና መሐንዲሱ፣ የሪየካ ሰው፣
ሲቆጣ በአገሩ ቋንቋ፣ ሲፈራ በእንግሊዝኛ የሚናገረው፣
ዛሬ በእንግሊዝኛ አለን፦
«ስምንት ሰዓት። ከዚያ በላይ የለም።»

ብሎኖቹ በዘይት ግፊት ተወጥረው ተፈቱ፤
ክሬኑ ቴስታታውን አነሣ፣
ክዳን ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ሦስት ታክሲ ይከብዳል።
ከዚያ ፒስተኑ ከነዘንጉ ወጣ፣
ቀስ፣ ቀስ፣
ጥላሸት እንደ ለበሰ፣ ጥቁር ዘይት እንዳለቀሰ።
ሁለተኛው ፋሻ ሦስት ቦታ ተሰብሯል።
የሰበረው? ከዱቄት የላመ የአሸዋ ዘር፣
በርካሽ ከተገዛ ናፍጣ ጋር ተሳፍሮ የመጣ።
የሆነ ቢሮ ውስጥ የሆነ ሰው
በቶን አራት ዶላር አተረፈ፤
ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ እዚህ ወጣ።

ቀጭኑ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምገባው እኔ።
የገመድ መሰላል ተጥሎልኝ፣ መብራት ግንባሬ ላይ ታስሮ፣
በሲሊንደሩ ጉሮሮ ወርጄ ቆምኩ።
በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ እሳት በሚፈነዳበት ቦታ
እርሳስ ይዤ ቁጥር እጽፋለሁ፦
ላይኛው ይህን ያህል ተበልቷል፣ ታችኛው ያን ያህል፤
ጭረቱን በጥፍሬ እዳስሳለሁ።
ትንፋሼ ከግድግዳው ተመልሶ ፊቴን ይመታኛል።
ከብረቱ ማዶ ውቅያኖሱ
እንደ ጎረቤት ነው፤ ዕቃውን ሲያንኳኳ ይሰማኛል።
ቀና ስል፣ በክቡ ቀዳዳ አፍ ላይ
የኖንግ ዴልፊን ፊት እንደ ጨረቃ ተደፍቷል።
«ይሠራል!» ብዬ ጮህኩ። ለማን ነው የምጮኸው?
አውራ ጣቴን አነሣሁለት።
ሣቀ። ሁለት ጥርስ የለውም፤
አንዱን ካቻቢቴው ነው ያወለቀው።

አዲስ ፋሻ፣ አዲስ ዘይት፣ አንድ በአንድ የተቆጠረ ብሎን፤
ስምንት ያሉን ሰዓት ዐሥራ አንድ ሆነ።
የታመቀው አየር ተለቀቀ፤
ሳለ። ጥቁር ጢስ ተፋ። ደግሞ ሳለ።
ከዚያ እግራችን ሥር ያ የምናውቀው እርምጃ፣
ዱም፣
ዱም፣
ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያዎቹ ነቁ፣
ሰዎቹ አንቀላፉ።

ኖንግ ዴልፊን ቤቱን የሠራው
ከሩዝ ወፍጮ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ነው፤
በአጨዳ ወራት ሌት ተቀን ከሚፈጭ ወፍጮ።
መንደሩ «አበደ» ብሎ ስቆበት ነበር።
አልጋው እስከተንቀጠቀጠ ድረስ እንደ ሕፃን ይተኛል።
የመንደሩ በዓል ደርሶ ወፍጮው የቆመ ሌሊት ግን
ተነሥቶ ይቀመጣል፣
ሚስቱን ሳይቀሰቅስ፣ በጨለማ፣
ካቻቢቴውን ይፈልጋል።