ተሰማ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሞጣ ላይ ሰው ይገደል ነበር፤
በልብስ ሰፊው በየነህ በረንዳ፣ ከሲንጀሩ አጠገብ፣ ከፋኖሱ ሥር።
ሟቹን የሚያውቀው የለ፤ አገሩ ጀርመን፣ የወንዙ ስም የማይያዝ፤
ግን ጭቃ ረግጠን እንመጣለን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን፣ እንደ ዘመድ ልንተክዝ።

የሚያነብልን ጋሽ ባንቴ ነው። ላይፕዚግ የወፍጮ ሞተር ሊማር ሄዶ፣
ባምስት ዓመቱ ተመለሰ፣ ሞተሩን ትቶ፣ ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ወልዶ።
ዐሥራ አንድ መጽሐፍ፣ ያንድ ሰው ድርሰት፤ ኦትማር ሊንደክ ይባላል፤
«ከተወለደበት ሸለቆ አልወጣም» ብሎ ጋሽ ባንቴ ይምላል፤
«የሚያውቀው አንድ ወረዳ ነው፤ ሁለት መንደር፣ አንድ ድልድይ፤
ታዲያ ክፋት ለመብቀል፣ ጋሻ መሬት ይሻል ወይ?»

መርማሪው ኮሚሳር ቴስማር፤ ወፍራም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣
ከሬሳው ይልቅ፣ የጎረቤት ዝምታ የሚያስገርመው።
ጆሯችን ግን ቴስማርን እንቢ አለ፤ በሁለተኛው ሐሙስ ሌሊት
ተሰማ ብለን ክርስትና አነሣነው፣ ያለ ቄስ፣ ያለ ጸሎት።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ባንቴም ተረታ፤ በትርጉሙ ላይ ትርጉም አከለ፤
በረዶው የጮቄ ውርጭ ሆነ፤ ባቡሩ ደጀን ላይ ጎማው ፈነዳ ተባለ።
ወፍጮ ቤቱ እነብሴ ተሻገረ፤ ሟቹ ባለወፍጮ ሽታሁንን መሰለ፣
(ሽታሁን እዚያው ተቀምጦ፣ «እኔ መች ሞትኩ?» እያለ።)

ተሰማ አይደበድብም። ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ዝጓል።
ይጠይቃል ብቻ፦ ማን ከማን ሠርግ ቀርቷል? የማን ወሰን ተገፍቷል?
ይህንስ እኛም እናውቃለን፤ የድንበር ድንጋይ ሌሊት እንደሚራመድ፣
ገዳይ ከሩቅ እንደማይመጣ፤ አብሮ የቆረሰ ዘመድ።

አንድ ሐሙስ፣ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ፣
ወንድም ወንድሙን ከድልድይ ሲገፋ፣ ጋሽ ባንቴ ቀና ብሎ ሳያይ፣
ጓንጉል ተነሥቶ ወጣ። ዝናብ ነበር። ጃንጥላውን እዚያው ትቶ።
የርሱም ወንድም ሰባራ ድልድይ ነው የቀረ፣ «አዳልጦት ነው» ተብሎ፣ ስምንት ክረምት ተረስቶ።
ጃንጥላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚስማሩ ተንጠለጠለ፤
ማንም «የማን ነው?» አላለ።
በወሩ ተመለሰ ጓንጉል። የርሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከሥሩ ተቀመጠ።

ዐሥራ አንደኛው መጽሐፍ፣ ሠላሳ ገጽ ሲቀረው፣
ጋሽ ባንቴን ሳምባው ጣለው፤ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ዐፈር ጠራው።

ቀበርነው። ሐሙስ ሲሆን፣ እግራችን በልማዱ መጣ። መጽሐፉ ሲንጀሩ ላይ ተገልጧል።
ጀርመንኛ የሚያውቅ የለ። ሰባት ተጠርጣሪ ቆሞ፣
ተሰማ አንድ እግሩ ከደጃፉ ሳያልፍ፣ እጁን እንዳነሣ ቀርቷል።

«በሉ እንግዲህ» አሉ የኔታ ይስማው፣ በዱላቸው ወለሉን መትተው፣
«አውጫጭኝ ማን ከለከለን? ጀርመን ቢሆንስ ሟቹ፣ ሰው አይደለም? ሰው!»

«ያየህ፣ የሰማህ፣ ተናገር!» ተባለ። ተራ በተራ ቆምን፤ ሳቁም በየመሐሉ፤
ካራት መጽሐፍ በፊት የሞተው ሽታሁን እንኳ፣
«አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ፣ እጁን ጭኖ በመስቀሉ።

የጓንጉል ተራ ደረሰ።
ተነሣ። ጃንጥላውን ከሚስማሩ አወረደ፤
አቧራውን በመዳፉ ጠረገ፤ ሊከፍተው ሞከረ፤ ዝጓል።
«እኔ» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሳቅ የነበረበት አፍ ሁሉ፣ እንደተከፈተ ቀረ።
በየነህ መጽሐፉን ዘጋው፣ ገጹ እንዳይጠፋ፣ ነጭ ክር አስገብቶ፤
የቱ ገጽ፣ ለማን እንዳይጠፋ፣ እኔ እንጃ።
ከታች፣ ከጭቃው መንገድ፣ አህያውን የሚነዳ አንድ መንገደኛ
ዝምታችን ከብዶት ኖሯል፣ ቆም ብሎ ጮኸ፦
«ምነው? ማን መጣ?»

«ተሰማ» አልነው።